ሐምሌ ላይ ጎመኑ መረረ፣ ቲማቲሙ አበባውን አራገፈ፣ እናቴ ደግሞ በቀትር ውሃ ታጠጣለች

ጓሮ ጠባቂ (ጋርላንድ፣ ዳላስ አጠገብ፣ ቴክሳስ) – ሐምሌ 11

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ትንሽ ይረዝማልና ቡና ይዛችሁ አንብቡ።

ዘንድሮ ከቤቱ ጀርባ አራት መደብ ሠራሁ። ሁለቱ ቲማቲም፣ አንዱ ቃሪያ፣ አንዱ የሐበሻ ጎመን። ጥግ ላይ ጤና አዳምና በሶብላ አለ። እስከ ግንቦት መጨረሻ ድረስ ጎረቤቱ ሁሉ አጥር ላይ ቆሞ የሚያደንቀው ጓሮ ነበር። አሁን ግን አታዩት። ጎመኑ አንገቱን አስረዝሞ ቢጫ አበባ አወጣ። የቀረውን ቅጠል ብንቀቅለው ግራዋ ግራዋ ይላል። ቲማቲሙ በቁመት እኔን በልጦኛል፣ አበባም ሞልቶታል፣ ግን ነካ ሳደርገው አበባው ከነአንገቱ እጄ ላይ ይቀራል። ከሰኔ አጋማሽ ወዲህ አንድ አዲስ ፍሬ አልያዘም። ቀድሞ ከያዘው ደግሞ ግማሹ ቂጡ ጠቁሯል። ደህና የሆነው ቃሪያው ብቻ ነው። እሱም ዘንድሮ ማቃጠሉ በዛ፣ ስንጉን ጨርሰን መብላት አቃተን።

ከ100 ዲግሪ በላይ ሲሆን ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀናችን ነው። አሁን 105 ይላል።

እናቴ ከደብረ ብርሃን መጥታ እኛ ጋ ናት። ልክ ቀትር ላይ ጎማውን ይዛ ትወጣለች። «እማዬ ተይ» ስላት «አንገታቸውን ደፍተው እያየሁ ዝም ልበል? የውሃ ጥም አታውቅም?» ትለኛለች። ማታ ደግሞ እኔ አጠጣለሁ። የውሃ ሒሳቡን አትጠይቁኝ።

ምኑ ላይ ነው ያበላሸሁት?

የሳሪስ ልጅ (አዲስ አበባ) – ሐምሌ 11

105 ዲግሪ? ውሃ የሚፈላው 100 ላይ አይደል እንዴ? ጎመኑማ ተቀቅሏል ወንድሜ፣ ቅቤ ብቻ ጨምርበት።

እኛ ጋ ዛሬ ሁለት ሹራብ ደርበን ነው የዋልነው።

ጓሮ ጠባቂ – ሐምሌ 11

በፋራናይት ነው ጌታው። በእናንተ 40 ተኩል ገደማ ይሆናል። ሹራቡን ላክልኝ፣ ጎመኑን ላልብሰው።

አለማያ ልጅ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ) – ሐምሌ 11

ወንድሜ፣ ብዙም አላበላሸህም። የዕፅዋት ሳይንስ ነው የተማርኩት። አሁን የምሠራው ሌላ ቢሆንም ቲማቲም ሲነሳ ዝም ማለት አልችልም።

የቲማቲም አበባ ራሱን በራሱ ነው የሚያዳቅለው። ዱቄቱ ከወንዴው ክፍል ረግፎ ሴቴው ላይ ሲያርፍ ፍሬ ይይዛል። ቀኑ ከ90 እስከ 95 ዲግሪ (ከ32 እስከ 35 ሴልሺየስ) ካለፈና ሌሊቱ ከ75 (24) በታች አልወርድ ካለ ግን ያ ዱቄት ይበላሻል። ወይ ይሞታል፣ ወይ ተጣብቆ አይረግፍም። ያልተዳቀለ አበባ ደግሞ ተክሉ ራሱ ይጥለዋል። ሰው ሁሉ ቀኑን ይረግማል፤ እኔ ይበልጥ የምፈራው ሌሊቱን ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ፀሐይ ስትገባ ብርዱ ይወርዳል። እናንተ ጋ እኩለ ሌሊት ላይ እንኳ አስፋልቱ እንደጋለ ነው። ተክሉ መቼ ይረፍ?

ስለዚህ አሁን ማዳበሪያ አትጨምርበት። ናይትሮጅን ብትሰጠው ቅጠል ብቻ ያበዛል፣ ያ ቅጠል ደግሞ ሌላ ውሃ ይጠይቅሃል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሥራህ ሥሩን በሕይወት ማቆየት ነው። ፍሬውን ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ጠይቀው።

ቂጡ የጠቆረው ካልሲየም ፍሬው ጫፍ ስላልደረሰ ነው። አሁን አሥር ሰው መጥቶ «የእንቁላል ቅርፊት ቅበር» ይልሃል። ቅርፊት ተበጣጥሶ ለተክል እስኪሆን ብዙ ጊዜ ይፈጅበታል። ደግሞም አብዛኛውን ጊዜ አፈሩ ውስጥ ካልሲየም አለ፤ የጎደለው ወጥ የሆነ ውሃ ነው። ካልሲየም የሚጓዘው ከውሃው ጋር ነው። አንድ ቀን ጎርፍ አንድ ቀን ድርቅ ሲሆን ቅጠሉ ይሻማና ፍሬው ጫፍ ሳይደርሰው ይቀራል። የጠቆረውን ቁረጥና ጣለው፣ ጉልበት እንዳይጨርስ።

ጎመኑንማ እርሳው። የሐበሻ ጎመን የደጋ ልጅ ነው። ቀኑ ሲረዝምና ሲሞቅ ዘር ልስጥና ልሂድ ይላል። ሙቀትና ጥማት ሲገናኙ ምሬቱም ይብሳል።

የቃሪያ እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ) – ሐምሌ 12

ልጄ፣ ጎመኑን እንዳትነቅለው! ሁለት ሦስት እግር ተውና ዘር ይያዝ። ቆቡ ሲደርቅ ከመፈንዳቱ በፊት ቆርጠህ በወረቀት ከረጢት አንጠልጥለው። ግማሹን ለመስከረም ትዘራለህ፣ ግማሹን እናትህ ለምጣድ ማሰሻ ትወቅጠዋለች። እኔ የጎመን ዘር ከገበያ ከገዛሁ ስንት ዓመቴ።

እናትህን ግን በቀትር ማጠጣቱን አስተዋት። የውሃው ጠብታ ቅጠሉ ላይ እንደ መነጽር ሆኖ ፀሐይን ሰብስቦ ያቃጥለዋል።

አለማያ ልጅ – ሐምሌ 12

እማማ፣ በሁሉም እርስዎ ልክ ነዎት፣ በመነጽሩ ግን ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጠብታው እንዲያ ቅጠል አያቃጥልም። ቢያቃጥል ኖሮ ከዝናብ በኋላ ፀሐይ በወጣች ቁጥር አገር በሙሉ ይነድ ነበር።

በቀትር የማይመከርበት ሌላ ምክንያት አለው። ቅጠሉ የሚጠወልገው ሁልጊዜ ውሃ አጥቶ አይደለም። ሥሩ ከሚስበው በላይ ቅጠሉ ስለሚያተን ጥቂት ሰዓት ራሱን አጥፎ ይቆያል። ማታ ይነሳል። ተጠምቷል ወይስ አልተጠማም የሚለውን ጠዋት ነው ማየት ያለባችሁ። ጠዋትም ተጠውልጎ ካገኛችሁት እውነትም ጠምቶታል። ከመጠን በላይ የጠጣ ተክልም እንደዚያው ይጠወልጋል፣ ሥሩ አየር አጥቶ። ለዚህ ነው ጣት እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈር ውስጥ መክተት የሚያስፈልገው። እርጥብ ከሆነ ጎማውን አስቀምጡ።

ጓሮ ጠባቂ – ሐምሌ 12

አሁን ወጥቼ ጣቴን ከተትኩ። ጭቃ ነው። ጭቃ! ስንት ብር ነው የከፈልኩት በናታችሁ።

ሌላም ነገር። ጎማውን ስከፍት መጀመሪያ የወጣው ውሃ እጄን አቃጠለኝ። ፀሐይ ላይ ተጠቅልሎ ሲውል ሻይ ሆኗል። እማዬ ይሄንን ነው ቃሪያው ላይ ስታፈስ የከረመችው?

የቃሪያ እናት – ሐምሌ 12

ይኸው! የሚያቃጥለውን አገኘነው። መነጽሩ ቀርቶ ሻይ ሆነ እንጂ እኔም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳትኩም።

በረሃ ውስጥ (ፊኒክስ፣ አሪዞና) – ሐምሌ 12

የዳላስ ሰዎች ስለ ሙቀት ሲያወሩ ደስ ይለኛል። እኛ ጋ በፈረንጆቹ 2023 ዓመት፣ 31 ቀን ሙሉ ያለማቋረጥ 110 (43 ሴልሺየስ) እና ከዚያ በላይ ነበር። ያን ክረምት… ክረምት ልበለው? አገር ቤት ክረምት የሚባለው ወር እዚህ እቶን ነው። ምን ብዬ እንደምጠራው እስካሁን አልለየሁም።

እኔ በሰኔ ቲማቲም የሚባል ነገር አልጠብቅም። በየካቲት ችግኝ አወጣለሁ፣ እስከ ግንቦት እበላለሁ፣ ከዚያ የጥላ መረብ ውስጥ አስተኛዋለሁ። ለቲማቲምና ለቃሪያ ከ30 እስከ 40 በመቶ የሚከልል መረብ ይበቃል፤ ለቅጠላ ቅጠል 50። ከዚያ በላይ ካጠቆርከው ብርሃን ያንሰዋል። ሁሉንም መሸፈን ካልቻልክ በስተምዕራብ ያለውን ብቻ ዝጋ። የገደለን የከሰዓት ፀሐይ ነው፤ የጠዋቷን ተዋት ትግባ።

ቀልተው ያልጨረሱ ቲማቲሞች ካሉህ ትንሽ ወርቃማ ሲሉ ቆርጠህ ቤት አስገባ። ከ85 ዲግሪ በላይ ቀይ ቀለሙን በደንብ አይሠራም፣ ውጭ ብትተወው ብርቱካንማ ሆኖ ይቀራል። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ በአራት አምስት ቀን ይቀላል። ፍሪጅ አታስገባው እንጂ።

ሎሚ ወይም ብርቱካን ያለው ሰው ደግሞ ይስማኝ። በዚህ ሙቀት ቅርንጫፍ አትቁረጡ። ግንዱ ለፀሐይ ከተጋለጠ ይቃጠላል፣ ቅርፊቱ ይሰነጠቃል። እኔ ነጭ የውሃ ቀለም እኩል በውሃ አቅጥኜ ግንዱን ቀባሁት። ጎረቤቴ የሐበሻ ልማድ መስሎት «ለምን በዓል ነው?» አለኝ።

ጓሮ ጠባቂ – ሐምሌ 14

መረቡን አዝዣለሁ፣ ሐሙስ ይደርሳል። እስከዚያ እማዬ መላ አገኘች። አሮጌ ነጠላዋን አውጥታ በአራት እንጨት ቃሪያው ላይ ዘረጋችው። እውነት ለመናገር ከሥሩ እጄን ሳስገባ ልዩነቱ ይታወቃል።

የሳሪስ ልጅ – ሐምሌ 14

ጥለቱ ወደ ላይ ነው ወደ ታች? ቃሪያው ቤተ ክርስቲያን ሊሄድ ነው ወይስ ለቅሶ?

ምቀኝነት አይምሰላችሁና እዚህም ደስታ የለም። የእኔ ቲማቲም በዝናቡ ቅጠሉ ጠቁሮ በአንድ ሳምንት አለቀ። እናንተ በፀሐይ፣ እኛ በውሃ። ጎመኑ ግን እዚህ እንደ ጃንጥላ ነው፣ ፎቶ ልልክልህ ነበር፣ አዘንኩልህና ተውኩት።

ድሬ ነኝ (ድሬዳዋ) – ሐምሌ 15

ስለ ሙቀት ድሬን ሳትጠይቁ ስታወሩ ይገርመኛል አቦ።

እኛ ግንቦትና ሰኔን ነው የምንፈራው። በዚያ ወቅት ቲማቲም የሚተክል ሰው እንግዳ ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ ችግኝ ታደርጋለህ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት አየሩ ደግ ነው፣ ያኔ ይሰጥሃል። በሙቀቱ ወቅት የሙቀት ልጆችን ነው የምታኖረው። ባሚያ፣ ስኳር ድንች፣ ሚጥሚጣ፣ ፓፓያ። እናቴ ደግሞ ቃሪያዋን የምትተክለው ፓፓያው ሥር ነው። ፓፓያ ጥላው ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፣ ብርሃንም ያሳልፋል፣ ፀሐዩንም ይሰብራል። መረቡን በነፃ አገኘህ ማለት ነው፣ ፍሬም ይሰጥሃል።

ሽፈራው ሞክራችኋል? እዚያ አሜሪካ ሙቀቱ ካለ በጥቂት ወራት ውስጥ ራስህን ያልፋል። ቅጠሉን እንደ ጎመን ትሠራዋለህ፤ የኮንሶ ሰው ዓመቱን ሙሉ የሚበላው እሱን ነው።

ጓሮ ጠባቂ – ሐምሌ 15

ሽፈራው እዚህ በውርጭ አይሞትም?

ድሬ ነኝ – ሐምሌ 15

ውርጭ ምንድን ነው?

አለማያ ልጅ – ሐምሌ 15

ላዩ ይሞታል። ሥሩን በቅጠልና በገለባ በደንብ ካለበስከው ዳላስ አካባቢ ብዙ ጊዜ ብርዱ ሲያልፍ ከሥሩ ያቆጠቁጣል። እኔ ጋ ቨርጂኒያ ግን በትልቅ ገንዳ ተክዬ ኅዳር ላይ ወደ ጋራዥ አስገባዋለሁ። ሚስቴ መኪናዋን ውጭ ነው የምታቆመው። የተዘጋ ርዕስ ነው።

ቤር ሸቫ (እስራኤል) – ሐምሌ 16

ሰላም ከነጌቭ በረሃ። እኛ ጋ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ድረስ ጠብ የሚል ዝናብ የለም። ሻራቭ የሚሉት ትኩስ የበረሃ ነፋስ ሲነፍስ ደግሞ የፀጉር ማድረቂያ ፊትህ ላይ እንደከፈቱብህ ነው። ቢሆንም ሽማግሌዎቻችን ሰፈር ውስጥ ትንሽ መሬት ካገኙ ጎመን፣ በቆሎ፣ ቃሪያ፣ ጤና አዳም ሳይተክሉ አያድሩም። አባቴ እብራይስጡ ዛሬም ልክ አይደለም፣ የአትክልት ቦታው ላይ ግን የሩሲያውም የሞሮኮውም ሰው እሱን ነው የሚጠይቀው።

ወንድሜ፣ ጎማውን ጣለው። የጠብታ መስኖ ዘርጋ። እዚሁ አጠገባችን ኪቡትስ ሐጸሪም (የጋራ እርሻ መንደር) ነው በፈረንጆቹ 1965 ኔታፊም የተባለው ኩባንያ ተቋቁሞ የጠብታ መስኖን ለዓለም መሸጥ የጀመረው። ውሃው ቅጠል ሳይነካ ቀስ ብሎ ሥሩ ላይ ይወርዳል። ሰዓት ቆጣሪ ታስርበታለህ፣ ጎህ ሳይቀድ ይከፍታል፣ እናትህ ሳትነቃ ያልቃል። ከእናት ጋር መጨቃጨቅም ይቀራል።

አባቴን ግን ለዚህ ለማሳመን ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። «ውሃው ሲፈስ ካላየሁት አጠጣሁ ብዬ አላምንም» ይል ነበር። ከዚያ የሽሚታ ዓመት መጣ፣ 2021–22። በዚያ ዓመት መሬቱ ያርፋል፣ አዲስ አንዘራም፣ የነበረው እንዳይሞት ብቻ ነው የምናጠጣው። ያን ዓመት ቱቦው ብቻውን ሎሚውንና ሮማኑን ሲያኖርለት አየ። አሁን ቱቦ የሚገዛልኝ እሱ ነው።

አለማያ ልጅ – ሐምሌ 16

ስለ መጠኑ ልጨምር። በመደበኛው ጊዜ ለጓሮ አትክልት በሳምንት አንድ ኢንች (2.5 ሳንቲ ሜትር) ውሃ ይባላል። 4 በ8 ጫማ ለሆነ መደብ ወደ 20 ጋሎን፣ 75 ሊትር ገደማ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ሙቀት እጥፍ ሊሄድ ይችላል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ስትረጭ ሥሩ ላይ ላዩን ይቀራል፣ ላዩ ደግሞ ቀድሞ የሚግለው ነው። በሳምንት ሁለቴ ሦስቴ ጥልቅ አድርገህ ስጠው፣ ሥሩ ውሃውን ተከትሎ ይወርዳል። ገንዳ ላይ የተተከለ ነገር ግን በየቀኑ ይፈልጋል።

ከዚያ አፈሩን አልብሰው። ገለባ፣ የደረቀ ቅጠል፣ እስከ 10 ሳንቲ ሜትር። ራቁቱን ያለ አፈር በሙቀት ይገረፋል።

የቃሪያ እናት – ሐምሌ 16

ገለባ ስትል ትዝ አለኝ። አምና ከአንድ ሱቅ ድርቆሽ ገዝቼ ቲማቲሜን አለበስኩት። በሁለት ሳምንት ቅጠሉ ሁሉ እንደ ፈርን ተጠቀለለ። በሽታ መስሎኝ ስንት መድኃኒት ረጨሁ። ለካ ሳሩ ሲያድግ የአረም መድኃኒት ተረጭቶበት ነበር። ሳሩን አይገድለውም፣ ቲማቲምና ባቄላን ግን ይጨርሳል። ሻጩ «እኔ ምን አውቃለሁ» ብሎ ሸኘኝ። ዓመቱን ሙሉ ያ መደብ ባዶ ዋለ።

አሁን ገለባ ስገዛ መጀመሪያ በአንድ ማሰሮ አፈር ውስጥ ቀላቅዬ ባቄላ እዘራበታለሁ። ባቄላው ቀጥ ብሎ ከበቀለ ገለባው ንጹሕ ነው። ሦስት ሳምንት ይፈጃል፣ ግን ዓመት ከማጣት ይሻላል።

ሰገነት ላይ (ሻርጃ) – ሐምሌ 17

ሁሉንም እያነበብኩ ነበር፣ ዛሬ ልጠይቅ። የምኖረው ሰው ቤት ነው፣ ማዳም ሰገነቱ ላይ አምስት ማሰሮ ፈቅዳልኛለች። በሶብላ፣ ቃሪያና ቲማቲም አለኝ። ከሰኔ ጀምሮ ቀን ላይ ወለሉን በባዶ እግር መርገጥ አይቻልም። በሶብላው ብቻ ነው ደህና የሆነው። ከኤሲው የሚንጠባጠበውን ውሃ ላጠጣቸው?

በረሃ ውስጥ – ሐምሌ 17

እህቴ፣ አንቺ ያለሽበት ዋናው የተከላ ወቅት ከጥቅምት እስከ መጋቢት ነው። አሁን ቲማቲሙን ተይው፣ አይክፋሽ። ቃሪያውን ከፀሐይ ወደ ግድግዳው ጥላ አስጠጊው። ማሰሮው ጥቁር ከሆነ ነጭ ጨርቅ ጠቅልዪበት፤ ጥቁር ማሰሮ ውስጥ ሥሩ ይቀቀላል። ትልቅ ማሰሮ ካለሽ ትንሹን ውስጡ አስገብተሽ መሐሉን በአፈር ሙዪው። ከወለሉም በእንጨት ከፍ አድርጊው።

አለማያ ልጅ – ሐምሌ 17

የኤሲውን ውሃ ለአበባ እንጂ ለሚበላ ነገር እኔ አልጠቀምበትም። በመዳብ ቱቦና በአቧራ ላይ ነው የሚያልፈው፣ ንጹሕ ቢመስልም።

በሶብላሽን ግን ተንከባከቢው፣ ሙቀት ይወዳል። ለሽሮና ለበርበሬ አበባውን ከፈለግሽ ይዘርዝር፤ ቅጠሉን ከፈለግሽ ጫፉን ቀንጥሺው፣ ይበዛል።

ሰገነት ላይ – ሐምሌ 17

አበባውን ነው። ለእናቴ በርበሬ እያደረቅኩ ነው።

ጓሮ ጠባቂ – ሐምሌ 19

ሌላ ጉድ ልንገራችሁ። እማዬ ትናንት ጤና አዳሙ ቁጥቋጦ ሆኗል ብላ በስድስት ሰዓት ፀሐይ ላይ በባዶ እጇ ስትከረክመው ዋለች። ማታ ምንም አልነበረም። ዛሬ ጠዋት ሁለቱም ክንዷ ቀልቶ ውሃ ቋጥሯል፣ እሳት የነካው ነው የሚመስለው። ሐኪም ቤት ሄድን፣ ያየን ሰው «የመርዝ አይቪ ነው» (ሲነኩት ቆዳ የሚያቆስል የዚህ አገር ሐረግ) ብሎ ቅባት ሰጠን። እሷ ደግሞ «ዕድሜዬን ሙሉ ቡና ላይ ጣል ሳደርገው የኖርኩት ጤና አዳም? ስሙን እያየህ!» ብላ ተቆጣች።

የቃሪያ እናት – ሐምሌ 19

ውይ እናቴን! ማርያም ትማራት። እህቴም እንዲሁ ሆና ነበር።

አለማያ ልጅ – ሐምሌ 19

ጤና አዳሙ ነው። ጭማቂው ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ሲያርፍበት ያቃጥላል። የሎሚ ጭማቂና የበለስ ወተትም እንደዚያው ናቸው። ሰዓታት ቆይቶ፣ አንዳንዴም በማግስቱ ስለሚወጣ ሰው ከምን እንደመጣ አያገናኘውም። ቡና ላይ አንድ ቅጠል ጣል ማድረግ ሌላ ነው፣ ቁጥቋጦ በእቅፍ መከርከም ሌላ። ውሃ የቋጠረውን እንዳታፈነዱት። እስኪድን ክንዷ ተሸፍኖ ይቆይ፣ ከባሰባት ተመልሳችሁ ሂዱና የነካችው ምን እንደሆነ ንገሯቸው። ለሚቀጥለው ጓንትና ረጅም እጅጌ፣ ፀሐይ ከገባች በኋላ፣ ከዚያ በሳሙና መታጠብ።

ጤና አዳሙ ላይ ጥቁርና አረንጓዴ ሽንትር ያላቸው አባጨጓሬዎች ካያችሁ ደግሞ አትግደሏቸው። የቆንጆ ቢራቢሮ ልጆች ናቸው፣ ጥቂት ቅጠል ቢበሉ ያድግላችኋል።

በረሃ ውስጥ – ሐምሌ 20

እሾህና ጓንት ከተነሳ፣ በለስ እዚህ ፊኒክስ በየመንገዱ ነው። የቁልቋሉን ማለቴ ነው፣ የአዲግራቱን። ነሐሴ ላይ ይበስላል። አንድ ጠብታ ውሃ አይጠይቅህም። ከአገር ቤት ሰው ጋር «በለስ አለኝ» ስል አንዱ ያንን ዛፉን ይመስለዋል፣ አንዱ ቁልቋሉን፣ ግማሽ ሰዓት እንግባባ አንግባባ።

የቃሪያ እናት – ሐምሌ 20

እኛ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለን ደግሞ የጊሽጣ ዘመድ አለን፣ ታውቃላችሁ? ፖፖ ይሉታል። ወንዝ ዳር ጫካ ውስጥ ይበቅላል፤ ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ላይ ይደርሳል። ሽታው፣ ልስላሴው፣ ጥቁር ፍሬው ሳይቀር ጊሽጣን ያስታውሳል። ሁለት ችግኝ ጓሮዬ ተከልኩ። አንድ ብቻ ከሆነ አያፈራም፣ የተለያየ ዝርያ ሁለት ይፈልጋል። በልጅነቱ ጥላ ይወዳል፣ የሐምሌ ፀሐይ ይጎዳዋል። አምስተኛ ዓመቱ ነው፣ ዘንድሮ ሰባት ፍሬ ይዟል። በየቀኑ እቆጥራለሁ።

ድሬ ነኝ – ሐምሌ 21

ገንቦ ቅበሩ ማለት ረስቼ። ያልተሟሸ የሸክላ ገንቦ እስከ አንገቱ አፈር ውስጥ ትቀብራለህ፣ ውሃ ትሞላለህ፣ ትከድናለህ። በሸክላው ቀዳዳ ቀስ እያለ ይወጣል። አፈሩ ሲደርቅ ይስባል፣ ሲረጥብ ይቆማል። የጠላ ገንቦ ግን አይሆንም፣ ሲሟሽ ቀዳዳው ተደፍኗል። መክደን አትርሱ፣ የወባ ትንኝ ይወልድባችኋል።

ጓሮ ጠባቂ – ሐምሌ 25

ሁለት የአበባ ሸክላ ገዛሁ፣ የሥሩን ቀዳዳ በማጣበቂያ ደፈንኩ፣ ቃሪያው መሐል ቆፈርኩ። እማዬ ክንዷን በፋሻ ጠቅልላ ከጥላ ሥር እያየችኝ «ማን ሞቶ ነው ገንቦ የምትቀብረው?» አለች። ከዚያ ክዳኑን ከፍታ ውሃው መጉደሉን አየች። በማግስቱ ደግማ አየች። አሁን ገንቦ መሙላት የእሷ ሥራ ነው፣ በሦስት ቀን አንዴ። በቀትር ጎማ ቀረ።

ቲማቲሙን አንድ ሦስተኛ ከረከምኩት። ሁለት አዲስ ችግኝም ለበልግ… ለዚህ አገር በልግ፣ ለመስከረምና ጥቅምት ማለቴ ነው፣ መረቡ ሥር ተከልኩ።

ቤር ሸቫ – ሐምሌ 25

ገንቦም ቱቦም አንድ ናቸው፤ ያው ቀስ ብሎ ነው። እናትህን አባቴ ሰላም ብሏታል።

ጓሮ ጠባቂ – መስከረም 6

እንኳን አደረሳችሁ። የጠፋሁት እማዬን ስሸኝ ነው።

ሌሊቱ ባለፈው ሳምንት ከ70 በታች ወረደ። የከረከምኩት ቲማቲም ላይ ትናንት አሥራ አንድ አዲስ ፍሬ ቆጠርኩ፣ አተር አተር የሚያክሉ። ከአዲሶቹ ችግኞች አንዱ ሞተ፣ በምን እንደሆነ አላውቅም። አንደኛው አበባ ላይ ነው። ጎመኑን ነሐሴ መጨረሻ ላይ በሳጥን ጥላ ሥር ዘርቼ አሁን አራት ቅጠል አውጥቷል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ መደብ አወጣዋለሁ። በውርጭ ሲመታ ይጣፍጣል ብላችሁኛል፣ እናያለን። ቃሪያው አሁንም ያቃጥላል። ሙቀትና ጥማት አንድ ላይ ሲመጡ ማቃጠሉን እንደሚጨምሩት አንብቤያለሁ፣ ግን የእኔው ዘሩም ክፉ ሳይሆን አይቀርም።

የጎመን ዘሩን አሮጌው ላይ አድርቄ ሰበሰብኩ፣ አንድ ኩባያ ሙሉ።

እማዬ ዛሬ ከደብረ ብርሃን ደወለች። ስለ ጉዞዋ ስጠይቃት «ደህና ነኝ፣ ብርዱ ነው እንጂ» አለችና ወዲያው «ገንቦውን ሞላኸው?» አለችኝ።

የቃሪያ እናት – መስከረም 6

ሞላኸው?

ከዘሩም አንድ እፍኝ ለእኔ አስቀምጥልኝ። የእኔን ወፍ በላችው።